ዘጠኝ ጊዜ «በኋላ»፣ አንድ ጊዜ «አሁን»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ። ሰዓቱን እንዲህ አድርጌ የማውቀው ኮምፒውተሩ ራሱ መዝግቦት ስላገኘሁ ነው። እኔማ በዚያች ደቂቃ ኮሪደር ውስጥ በአንድ እግሬ ቆሜ ነበር።

በአንድ እግሬ የቆምኩት ቀዩ መብራት ስለበራ ነው። መጽሐፍ በድምፅ የምንቀርጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ቀዩ መብራት ከበራ ሰው አይራመድም። ወለሉ የድሮ ጣውላ ነው፤ አንዷ ሳንቃ ከተረገጠች ማይክሮፎኑ እስኪሰማት ታቃስታለች። ስለዚህ የቆመ እንደቆመ፣ የተቀመጠ እንደተቀመጠ ይቀራል። የጽዳት ሠራተኛችን አንድ ቀን ባልዲ እንደተሸከመች ሃያ ደቂቃ ቆማለች።

ዳይሬክተሩ ሦስት እንግዶች አስከትሎ የመጣው በምዕራፍ ስድስትና በምዕራፍ ሰባት መካከል ዕረፍት ላይ ሳለን ነው። «እስኪ የፕሮጀክተሩን ገመድ ከቢሮዬ አምጪልኝ» አለኝ። ቀረጻ ልንጀምር ነው አልኩት። «ተቀምጦ ማየት አይደል እንዴ? እኔም መቀመጥ አያቅተኝም» ብሎ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። እንግዶቹ ሳቁ። መቅጃውን ከፍቼ ሄድኩ። ገመዱን ይዤ ስመለስ መብራቱ በርቷል፤ አንባቢያችን ጋሼ ነጎድጓድ ምዕራፍ ሰባትን ጀምረዋል። (ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ በሹክሹክታ ሲያወሩ እንኳ መስኮት ይርገበገባል።)

በመስታወቱ በኩል የኮምፒውተሬ ስክሪን ይታየኛል። መሃሉ ላይ ያቺ የማውቃት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ አሁን ወይስ በኋላ? ዳይሬክተሩ እንደ ዝንብ እጁን አወናጨፈባት። አልሄደችም። ወደ ማውዙ ጎንበስ አለ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ክብ መሽከርከር ጀመረ። አንድ በመቶ።

ጋሼ ነጎድጓድ ግን ማንበባቸውን ቀጠሉ። የቀዩ መብራት ማብሪያ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሞትም መብራቱ አይጠፋም። መብራቱ እስካለ ደግሞ ማንም አይንቀሳቀስም። «ቀዩ መብራት ሕግ ነው» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ የለጠፈው ዳይሬክተሩ ራሱ ነዋ! እናም ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እኔ በኮሪደሩ፣ እሱና እንግዶቹ በክፍሉ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን፣ ማንም የማይቀርጸውን ስለ አተነፋፈስ ሥርዓት የሚያስረዳ ምዕራፍ አዳመጥን። መስታወቱን ማንኳኳት ይቻል ነበር። ለአንዳችንም አልመጣልንም።

እንደዛሬ አሳምረው አንብበው አያውቁም። ሲጨርሱ መብራቱን አጥፍተው ወጡና «እንዴት ነበር?» አሉ። አንደኛው እንግዳ አጨበጨበ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ቸኩያለሁ። ምዕራፍ ሰባት የለም። ከ4፡41 በፊት የተቀረጸውም አልዳነም። ይባስ ብሎ ከአፕዴቱ በኋላ ኮምፒውተሩ ማይክሮፎኑ የሚሰካበትን ሳጥን አላውቀውም አለ። አምስት ዓመት አብረው የኖሩ!

ዳይሬክተሩ፦ «ራሱ ነው የጠፋው። እኔ ምንም አልነካሁም።»

የኮምፒውተሩ መዝገብ፦ 4፡41፣ ተጠቃሚው «አሁን»ን መርጧል።

ተጠቃሚው እኔ ነኝ፤ የተከፈተው በእኔ ስም ነው። ኮሪደር ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ መስታወት አሳልፌ ተጫንኩት ማለት ነው። ምን ዓይነት ክንድ ነው የሰጠኝ!

«በኋላ» የሚለውን እኔም አንድ ሁለቴ ተጭኜ ይሆናል። ሥራ ሲበዛ ማን አይጫንም?


ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ደብዳቤ ደረሰኝ። «በኃላፊነትሽ ሥር ያለውን ኮምፒውተር በወቅቱ ባለማዘመንሽ በድርጅቱ ላይ ለደረሰው ጉዳት የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል።» ከሥሩ «ጥፋቴን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚል መስመር፣ ከዚያ የእኔ ስም፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ስለ ማውዙ አንድ ቃል የለም። ስለ ገመዱም።

ጸሐፊዋ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ነገረችኝ፦ ኮንትራቴ ሚያዝያ 30 ያልቃል፤ ካልፈረምኩ አይታደስም ብሏል። «እኔ አልነገርኩሽም» አለችኝ። ከዚያ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ «አልነገርኩሽም» አለች።

ሌላም ትእዛዝ አለ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ አፕዴታቸውን ራሳቸው በፈለጉበት ጊዜ ያደርጋሉ፤ ለዚህ ከውጭ ባለሙያ ይመጣል። አምስት ዓመት ሙሉ በእጄ ሳደርገው የኖርኩትን! እያንዳንዱን አንብቤ፣ መርጬ፣ ምን እንደሚነካ አውቄ። ማሽን ሰው ሳይጠይቅ ራሱን ይለውጥ የሚል ሰው ቤቱንም ሳይቆልፍ ይውጣ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ቤት። ምሳ ላይ ለወላጆቼ ነገርኳቸው።

እማዬ፦ «ፈርሚና እረፊ። ፊርማ ምንድን ነው? ጭረት ነው።»

«ጭረትማ ከሆነ እሱ ይጫር» አልኳት።

«ይቺ ልጅ ከሆዴ ስትወጣም ተከራክራ ነው» አለች ለአባዬ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር ቼዝ ይጫወታል። የእሱ አፕዴት ራሱ በራሱ ነው፤ ቀይሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። «እኔ ስተኛ ይሠራል፣ ስነቃ ይጠብቀኛል። እንዳንቺ አይጨቃጨቅም።»

«ባለፈው ወር ቼዙ ቦታውን ቀይሮ ‹ሌባ ገብቷል› ብለህ የጮህከውስ?»

«ተገኘ እኮ!»

«እኔ ነኝ ያገኘሁልህ።»

«ይኸው፣ ለዚህ ነው ልጅ የሚወለደው» አለና ሾርባውን ቀጠለ። ሳልወድ ሳቅኩ። ግን ማን ነው ዕድሜውን ሙሉ ልጁ እስክትመጣ የሚጠብቅ?

ሦስት አራት ጊዜ። «በኋላ»ን ማለቴ ነው። ሳስበው ሦስት አራት ይሆናል።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ባለሻንጣው መጣ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ከሰውየው በፊት ሻንጣው ነው በር የሚገባው። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። እጅጌውን አንዱን ብቻ ጠቅልሏል፣ ግራውን፤ ሌላውን እንደቆለፈ ትቶታል። ይህን የጻፍኩት ዝርክርክ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጠ። ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ አስፈቀደኝ፤ ይህንንም ልመዝግብለት። የአፕዴቱን ታሪክ ከፈተ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ተላልፏል። ተላልፏል። ተላልፏል...»

«ይበቃል» አልኩት።

«ዘጠኝ ነው» አለ። «በየሳምንቱ አንድ። ዘጠኝ ሳምንት።»

«መጽሐፍ እየቀረጽን ነበር።»

«ገባኝ። ግን እነዚህ ሁለቱ ሰርጎ ገብ የሚገባበትን የበር ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው። የመንገዱን በር ከፍቶ ዘጠኝ ሳምንት እንደመተኛት ነው።»

«እንግዲያው ራሱ በፈቀደው ሰዓት ይቀያየር ትላለህ?»

«የታዘዝኩት እሱን ነው። ‹እላለሁ› አልወጣኝም።»

ማይክሮፎኑን ግን ከአፕዴቱ ጋር አስታረቀው። የሳጥኑ አምራች ያወጣው አዲስ ማገናኛ ፕሮግራም ነበር፤ እሱንም እኔው አሳድሬዋለሁ ለካ። ሳምንት ሙሉ ቀረጻ የቆመው በዚህ ነው። አመሰገንኩት፤ በአጭሩ።

ዘጠኝ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ጠዋት ከእትዬ ጆሮ ክፍል ጩኸት።

እትዬ ጆሮ የተቀረጸውን ሁሉ አዳምጣ ስህተት የምታወጣ ሠራተኛችን ናት። ዓይኗ አያይም፤ ኮምፒውተሯ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብላታል፣ እሷ በቁልፍ ታዝዘዋለች። ቅጽል ስሙን ራሷ ናት ያወጣችው። አንቱ ስላት «አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ ከልክላኛለች።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» ትላለች። «ጠረጴዛዬ ላይ ማን ነው የተቀመጠው? ትናንት የነበረችው ልጅስ የት ሄደች?»

ኮምፒውተሯ ሌሊት ራሱን አዘምኖ፣ አራት ዓመት ያነበበላት የሴት ድምፅ ጠፍቶ አፍንጫው የታፈነ ወንድ ተተክቷል። ቁልፎቹም ቦታ ቀይረዋል። «አቁም» ስትለው ይፈጥናል። «ድገም» ስትለው ፋይሉን ይዘጋል።

«ባሌም እንዲህ ነበር» አለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ደስም አለኝ፤ አልዋሽም። ይኸው የዳይሬክተሩ ራስ በራስ! ለእኔ ቁልፍ ቦታ ሲቀይር ያናድደኛል፤ እሷን ግን ከገዛ ጠረጴዛዋ አባረራት። ወጥቼ ለጸሐፊዋ ነገርኳት፣ ለጋሼ ነጎድጓድ ነገርኳቸው። እሳቸው ለመላው ሰፈር ነገሩ፤ በመደበኛ ድምፃቸው።


ዓርብ፣ መጋቢት 14

ከእትዬ ጆሮ ጋር ሁለት ቀን ቁልፎቹን አንድ በአንድ መለስን። ዛሬ ልጨርስ ስል የተናገረችውን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ።

«ደስ ብሎሻል አይደል?»

«በምኑ?»

«በእኔ መሰቃየት። ድምፅሽ ይሰማኛል እኮ፤ ከረቡዕ ጀምሮ እየዘፈንሽ ነው የምትሄጂው።»

«በእሱ መሳሳት ነው የተደሰትኩት እንጂ...»

«እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ አዲሱ ሰውዬ አፍንጫው ቢታፈንም ቁጥር አይዘልም። ያቺ የድሮዋ ‹ገጽ 214› የሚለውን ‹ገጽ 24› እያለች ስታታልለኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ጆሮዬ አረጀ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ልጅ፣ ባለሻንጣው፣ ምን አለኝ መሰለሽ? ማስተካከያው ከወጣ ስድስት ሳምንቱ ነው። ማን ነው ‹በኋላ› ያለው በእኔ ኮምፒውተር?»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።

«እሱ ሳይጠይቀኝ ቀየረብኝ። አንቺም ሳትጠይቂኝ ከለከልሽኝ። እኔ የቱን ላመስግን?»

ከረሜላ ሰጠችኝና «አታልቅሺ፣ አይታየኝም፤ በከንቱ ነው» አለች።


እሑድ፣ መጋቢት 16

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ልብስ አጠብኩ። በእሷ አይደለም። ባለሻንጣው ሊነግረኝ ይችል ነበር። ለነገሩ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ማንም ላልጠየቀው ሰው ሁለቱም አንድ ነው። ራሱ ቢያደርገው፣ እኔ ባደርገው፣ እትዬ ጆሮ ጠዋት ስትመጣ ነገሩ ተወስኖ ነው የሚጠብቃት። አምስት ዓመት «በእጄ ነው የማደርገው» እያልኩ ስኩራራ የማን እጅ እንደሆነ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ይህ ግን ደብዳቤውን ትክክል አያደርገውም! እንዳልረሳው ጻፍኩት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ወደ ዳይሬክተሩ ገባሁ። የእትዬ ጆሮን ነገር ነገርኩት። «ትለምደዋለች» አለ። «ደብዳቤውስ?»

«አልፈረምኩም።»

«እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«አላልኩም።»

«ፊትሽ ይላል።»


ረቡዕ፣ መጋቢት 26

ጋሼ ነጎድጓድ ጉንፋን ይዟቸው ምዕራፍ ሰባትን ዳግም አነበቡ። «ሳንባ» ባሉ ቁጥር ይስላሉ። አራት ጊዜ ጀመርን። አምስተኛው ላይ ቆም ብለው በማይክሮፎኑ፦

«ልጄ፣ ዛሬስ እየተቀረጸ ነው?»

«ነው ጋሼ።»

«ልየው። ተነሺና አሳዪኝ።»

ስክሪኑን አዙሬ በመስታወቱ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንዴ ሳያስሉ ጨረሱት። ያን ዕለት ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ በከንቱ እንዳነበቡ ከኔ ሌላ የነገራቸው ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ይቅርታ አልጠየቃቸውም። እሳቸውም አላነሱበትም፤ ዝም ማለታቸው ብቻውን ያስፈራል።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

ትርፍ ኮምፒውተር ነበረን፤ መጋዘን ውስጥ ወንበር ተጭኖበት። ባለሻንጣው አቧራውን ጠራረገው። ከዛሬ ጀምሮ አፕዴት መጀመሪያ እሱ ላይ ይሞከራል፤ እትዬ ጆሮ ትፈትነዋለች፣ ማይክሮፎኑ ይፈተናል። የበር ቀዳዳ የሚደፍነው በዚያው ሳምንት ይገባል፣ ሌላው ይቆያል፤ ግን ከወር አያልፍም። ቀኑን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ዞሬ እያንዳንዱን ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ «እኔን? እኔ ምን አውቃለሁ!» ካለች በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ማተሚያዋ በደል ነገረችኝ።

ዳይሬክተሩ ፈቅዷል። የፈቀደው የራሱ ኮምፒውተር ትናንት ስብሰባ መሃል ስለጠፋበት ነው። ራሱ በራሱ። እኔ ምንም አልነካሁም።

ባለሻንጣው ዛሬ ሁለቱንም እጅጌውን ጠቅልሎ መጣ። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም። ግራው ብቻ ይሻል ነበር።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

መጽሐፉ አለቀ! ሃያ ሁለት ምዕራፍ፤ ዓይናቸው ለማያይ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከፈተናቸው ወር ቀድሞ ይደርሳል። እትዬ ጆሮ የመጨረሻውን ገጽ ሰምታ «አንድ ስህተት» አለች። ደነገጥን። «ጋሼ ‹ተፈጸመ› ሲሉ ደስ ብሏቸዋል። መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልተጻፈም።»


ሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ስምንት ቀን ቀረ። እማዬ በየቀኑ «ፈረምሽ?» ትላለች፣ ልክ «በላሽ?» እንደማለት። አባዬ ዛሬ ሳልጠብቀው «አትፈርሚ» አለኝ። ለምን ስለው «ቼዝ ላይ አንድም ቀን እጅሽን አልሰጠሽኝም፤ ዛሬ ለማንም ብትሰጪ ይከፋኛል» አለ። ወደ ስክሪኑ ዞሮ ተሸነፈ።

ምሽቱን አንድ ወረቀት ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩት፤ ዘጠኙን እንዴት እንደምጽፈው አቅቶኝ። በመጨረሻ እንደሆነው ጻፍኩት።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

ጠራኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው ከላዩ። የእኔን ወረቀት ከጎኑ አስቀመጥኩት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦

«በእኔ ኃላፊነት ሥር ያለው ኮምፒውተር አፕዴት ሲጠይቅ ዘጠኝ ጊዜ ‹በኋላ› ብያለሁ፤ ማንንም ሳልጠይቅ፤ ጥፋት ነው። መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ 4፡41 ቀረጻ ላይ እያለን ‹አሁን›ን የተጫኑት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ይህም ጥፋት ነው።»

ከሥሩ ሁለት የፊርማ መስመር። የእኔ ተፈርሞበታል።

አነበበው። ሳቀ። ደግሞ አነበበው፤ አልሳቀም።

«አንዴ ብቻ ነው እኮ የነካሁት» አለ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ሰባት ሳምንት ጠብቄአለሁ። ሳገኘው ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። «አዎ፣ አንዴ» አልኩት። «እኔ ዘጠኝ ብያለሁ፤ ከእኔ ይሻላሉ።»

ጆሮው ቀላ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ የነጋዴ ድምፅ አወጣ፦ «እንዲህ እናድርግ። ደብዳቤውን እቀድደዋለሁ። ኮንትራትሽ ይታደሳል። አንቺ ደግሞ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ታወጪያለሽ። የመጀመሪያውም ይውጣ ከፈለግሽ! ማንም አላጠፋም፤ ማሽን ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ፈተነኝ። እማዬ፣ ኪራይ፣ ወንበሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ሻንጣ። ግን ጋሼ ነጎድጓድ ታወሱኝ፤ በከንቱ ያነበቧቸው ደቂቃዎች። እነዚያንም ማሽን ነው የበላቸው ሊባል ነው?

«አላወጣም» አልኩት። «ደብዳቤውን ቢቀድዱትም ባይቀድዱትም።»

«እስከ ሰኞ አስቢበት።»

«እርስዎም።»


ሰኞ፣ ሚያዝያ 29

አልፈረመም። ደብዳቤውንም አልቀደደም። ሁለቱም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ጸሐፊዋ በቀን ሦስቴ እየገባች ታያቸዋለች። «ዛሬ እስክሪብቶው ቦታ ቀይሯል» አለችኝ። «እኔ አልነገርኩሽም።»

ጋሼ ነጎድጓድ በኮሪደሩ፣ የዳይሬክተሩ በር ተከፍቶ ሳለ፣ በሹክሹክታ፦ «የሚቀጥለውን መጽሐፍ እሷ ካልቀረጸችው አላነብም!» መስኮቱ ተርገበገበ። እትዬ ጆሮ ከክፍሏ «እኔም አልሰማም!» አለች።

ኮንትራቴ ነገ ያልቃል። ይታደስ አይታደስ አላውቅም። አባዬ ለቼዝ ሊቀጥረኝ ዝግጁ ነው፤ ባለሻንጣው ደግሞ እነሱ ዘንድ ሰው እንደሚፈለግ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል፤ አንዱ ይበቃ ነበር።

የማውቀውን ግን ልጻፍ። በስሜ በተከፈተ ማሽን ሌላ ሰው ለተጫነው ከእንግዲህ አልፈርምም፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ተቀምጦ ያጠፋውን ይዞ ይነሣ። «ማሽን ነው» የሚል ምክንያት፣ እጅ ያለው ሰው እስካለ ድረስ፣ አልቀበልም። ጥፋቴ ትንሽ እንዲመስል የሌላው እንዲገንንልኝ፣ የሌላው እንዲደበቅ የእኔ እንዲፋቅልኝ አልቀበልም። በሰው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራን ነገር ያ ሰው ሳይጠየቅ መቀየርንም ሆነ መከልከልን አልቀበልም፤ ከዳይሬክተርም ቢሆን፣ ከኮምፒውተርም ቢሆን፣ ከራሴም ቢሆን።